አብሮ የሚበላ ባለሙያ ያስፈልገናል



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ዶክተር፣ ልጄ ምግብ አልበላ ብላ ጨነቀን፤ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ወይም ቫይታሚን ንገሪን» የሚል። ዕድሜዋን ስጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው፤ መልሱም ብዙ አያስቸግርም። አንዳንዴ ግን «23 ዓመቷ ነው፤ አምና ነው የተመረቀችው» ይሉኛል። ያኔ ቁጭ ብዬ ረዘም አድርጌ መጻፍ ይኖርብኛል። የዛሬው ጽሑፍ ለእነዚህ ወላጆች ነው፤ ለልጆቻቸውም ጭምር፣ እነሱም ገጹን ያነባሉና።

ለ23 ዓመት ሰው የማዝዘው ፍላጎት ከፋች ሽሮፕ የለኝም። ብዙ ጊዜ ፍላጎቱ ራሱ አልጠፋም። ይርባታል፤ ግን መብላት ያስፈራታል። ከበላች በኋላ ደግሞ ትልቅ ጥፋት የሠራች ያህል ይሰማታል። እየከሳች እያለ ራሷን የምታየው እንደ ወፍራም ነው። ይህ አኖሬክሲያ የሚባለው ነው። ሌላዋ ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትከለክል ትውልና ማታ ብቻዋን ስትሆን መቆጣጠር እስኪያቅታት ትበላለች፤ ከዚያ ታስመልሳለች፣ ወይም በማግስቱ ምንም ሳትቀምስ ልታካክሰው ትሞክራለች። እሱ ቡሊሚያ ነው። ሳያስመልሱ ከቁጥጥር ውጭ በብዛት የመብላት ሕመምም አለ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ሁሉንም «የአመጋገብ ሕመም» እላቸዋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በሉልኝ፦ ይህ ሕመም ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ሲያዩአቸው ከሲታ አይደሉም፤ ወንዶችንም ይይዛል።

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል አስተያየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። የፈረንጅ ብቻ ቢሆን እኔ ዘንድ ባልመጣ ነበር። ይመጣል፤ ግን በስሙ አይመጣም። በጨጓራ ስም ነው የሚመጣው።

የብዙዎቹ ጉዞ ተመሳሳይ ነው፤ የማንንም ምሥጢር እንዳላወጣ ቀላቅዬ ልንገራችሁ። «ትንሽ ስበላ ይነፋኛል፣ ያቅለሸልሸኛል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ለረጅም ጊዜ ጥቂት የበላ ሰው ጨጓራው ምግቡን ቀስ ብሎ ነው የሚያወርደው። የኤች ፓይሎሪ ምርመራ ይታዘዛል፤ መድኃኒቱ ይወሰዳል። ከዚያ ኢንዶስኮፒ። ከዚያ ታይሮይድ። ታይፎይድም ሳይመረመር አይታለፍም፤ መቼስ እንደምታውቁት ነው። የወር አበባዋ ከቀረ ስድስት ወር ሆኖታል፤ ለዚያም ሌላ ሐኪም ጋ ትሄዳለች። ጠበልም ይሞከራል። ቤተሰብ ብሩን ይጨርሳል፣ ውጤቱ ሁሉ «ደህና ነው» ይላል። በዚህ ሁሉ መሃል «ክብደት መጨመር ምን ያህል ያስፈራሻል?» ብሎ የጠየቃት ሰው የለም።

እሺ፣ ተጠየቀች እንበል፤ ሕመሙም ታወቀ። ቀጥሎስ? ስለዚህ ሕመም ከሳይካትሪ መድኃኒት ይልቅ ብዙ ሰዓት የሚጠይቀው ነገር ሌላ መሆኑን ያስረዳችኝ የአክስቴ ልጅ ናት። እንግሊዝ አገር ነው ያደገችው፤ በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዛ አዋቂዎችን በሚያክም የአመጋገብ ሕመም ክፍል ውስጥ «ረዳት ሳይኮሎጂስት» ሆና ትሠራለች። የታካሚዎቿን ጉዳይ አትነግረኝም፤ እኔም አልጠይቃትም። ስለ ሥራው ግን ብዙ አውርተናል።

ረዳት ሳይኮሎጂስት ሐኪም አይደለችም። ሕመሙን ወስና ስም አትሰጥም፣ መድኃኒት አታዝዝም፣ ብቻዋንም አትወስንም። ከላይዋ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት አለ፤ በየሳምንቱ ተቀምጠው እያንዳንዱን ሰው አንድ በአንድ ያወራሉ፤ ምን አልሽ፣ ምን መለሰች፣ አንቺስ ምን ተሰማሽ ይባባላሉ። ደመወዙ ብዙ አይደለም። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ለመሆን የሚያስፈልገውን የሦስት ዓመት የዶክትሬት ሥልጠና ለማግኘት በዚህ ሥራ በኩል ያልፋሉ።

ቀኗን ስትነግረኝ መጀመሪያ ላይ የተገረምኩት በምሳው ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ከታካሚዎቹ ጋር ትበላለች። ይህ የሥራዋ አካል ነው። ሳህኗን ይዛ ትቀመጣለች፣ እንደማንኛውም ሰው ትበላለች፣ ስለ ፊልም ወይም ስለ አየሩ ታወራለች። «ይሄን ጨርሺ» እያለች አትጨቀጭቅም፤ ግን ምግቡ እንደተቆራረጠ ጠርዝ ላይ ሲገፋ ታያለች፣ በቀስታም ታነሳዋለች። «እኔ ዛሬ ዳይት ላይ ነኝ» ማለት አትችልም፤ ሰላጣ ብቻ ይዛ መቅረብም እንዲሁ። ከምሳ በኋላ ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ያህል አብራቸው ትቆያለች። ጭንቀቱ ጣሪያ የሚነካው ያኔ ነው፤ ሽንት ቤት ሄዶ የማስመለስ ወይም ተነስቶ ሲመላለሱ የመዋል ግፊቱም የሚመጣው ያኔ ነው። ካርታ ይጫወታሉ፣ ሹራብ ይሠራሉ። ጭንቀቱ ሳያስመልሱም እንደሚበርድ ሰውነታቸው ቀስ በቀስ ይማራል።

ሌላው ሥራዋ ሚዛኑ ነው። በየሳምንቱ ታካሚዋ ትመዘናለች፤ ከመመዘኗ በፊት ግን «በዚህ ሳምንት ስንት የጨመርሽ ይመስልሻል?» ተብላ ትጠየቃለች። ሦስት ጊዜ ዳቦ ስለበላች ብዙ ኪሎ እንደጨመረች እርግጠኛ ናት። ሚዛኑ ሌላ ይላል። ይህ በተከታታይ ሲደገም «ከበላሁ መቆሚያ በሌለው ሁኔታ እወፍራለሁ» የሚለው እምነት መሸርሸር ይጀምራል። ንግግር ብቻውን ይህን አያደርግም፤ እኔ አሥር ጊዜ «አትወፍሪም» ብላት አታምነኝም።

ስለ ረሃብና አእምሮም ታስተምራለች። ይህንን ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ብዙ ወላጅ ልጁ «ክፉ» የሆነች የሚመስለው ይህን ስለማያውቅ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ አንስል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃደኝነት ለስድስት ወር ያህል ከሚያስፈልጋቸው ግማሽ ያህል ብቻ እንዲበሉ አደረገ። ሰዎቹ ቀን ከሌሊት ስለ ምግብ ማሰብ ጀመሩ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማንበብ፣ አንድ ሳህን ምግብ ለረጅም ሰዓት ሲነካኩ መቆየት፣ ከሰው መሸሽ፣ መነጫነጭ፣ መበርድ። ምግብ ሲፈቀድላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ ጠግበውም ማቆም አቃታቸው። ከዚያ በፊት ችግር ያልነበረባቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ልጃችሁ ለእናንተ ዶሮ ወጥ እየሠራች ራሷ የማትቀምስ ከሆነ፣ በረባ ባልረባው የምትቆጣ ከሆነ፣ ከጓደኞቿ ተለይታ ክፍሏን ዘግታ የምትውል ከሆነ፣ ጠባይዋ ተበላሽቶ አይደለም። የተራበ አእምሮ እንዲህ ነው የሚሠራው።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልግባ። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ብሔራዊ መመሪያ አኖሬክሲያ ላለበት አዋቂ ከሚያቀርባቸው የንግግር ሕክምናዎች አንዱ እስከ 40 ቀጠሮ፣ በ40 ሳምንት የሚሰጥ ነው። ለአንዲት ሴት 40 ሰዓት! ይህንን ሰዓት እኛ አገር ካሉት የሳይካትሪ ሐኪሞች እንጠብቅ ብንል ቀልድ ነው፤ እዚያም ቢሆን ወረፋው ረጅም ነው። ከመጠን በላይ ላልከሱ አዋቂዎች ግን አጠር ያለ መንገድ ተሞክሯል። ግሌን ዎለር የተባሉ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርና ባልደረቦቻቸው የአሥር ቀጠሮ ሕክምና አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱን አሳትመዋል። ሕክምናውን የሰጡት በቅርብ ክትትል የሚሠሩ፣ ገና ያልተመረቁበት ሙያ ላይ ያሉ ረዳቶች ነበሩ። ከሌላ ቡድን ጋር በዕጣ የተነጻጸረ ጥናት ስላልነበረ አጋንኜ አልነግራችሁም፤ ያም ሆኖ ውጤቱ ረጅሞቹ ሕክምናዎች ከሚያሳዩት ብዙም የራቀ አልነበረም። ደግሞ የምወደው ነገር አለው፦ አራተኛው ቀጠሮ ላይ ቆም ብለው «አመጋገብሽ ተለውጧል ወይስ እያወራን ብቻ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ከዚህ የምወስደው ይህንን ነው። እኛ ያጣነው ሕንፃ ወይም ውድ መሣሪያ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ በሳይኮሎጂ ወጣቶችን ያስመርቃሉ፤ እኔ ከማውቃቸው ውስጥ በሙያቸው ታካሚ ፊት የተቀመጡት ጥቂት ናቸው። ባንክ የገባ አለ፣ ሱቅ የከፈተ አለ። ከእነዚህ አንዷ በአንድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ብትመደብ፣ ይህን አንድ ሥራ በደንብ ብትሠለጥን፣ በየሳምንቱ የሚጠይቃትና የሚያርማት ባለሙያ ቢኖራት፣ ለዚያች የ23 ዓመት ወጣት ከእኔ የአሥር ደቂቃ ቀጠሮ እጅግ የተሻለ ትሠራለች።

«ሐኪም ያልሆነ ሰው እንዴት ያክማል?» የሚለኝ ይኖራል፤ ከባልደረቦቼም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመርም ይኸው ነበር የሚባለው። የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱ ወጣት ሴቶች ናቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ክትባትንና የቤተሰብ ምጣኔን ገጠር ድረስ ያደረሱት። ሥራው ተለክቶ ከተሰጠና ተቆጣጣሪ ካለ ይቻላል።

ተቆጣጣሪ ከሌለ ግን እኔ ራሴ የመጀመሪያዋ ተቃዋሚ ነኝ። ይህ ሕመም ይገድላል፤ አኖሬክሲያ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ሞት ከሚያስከትሉት አንዱ ነው። አንዲት ጀማሪ የታካሚዋን ክሳት በጥሩ ወሬ እየሸፈነች ወራት ልታሳልፍ ትችላለች። ሌላም ነገር አለ፤ ረዳቶቹ እዚያም ቢሆን በአንድ በሁለት ዓመት ወደ ሥልጠናው ይሄዳሉ፣ ታካሚዋ በስንት መከራ ያመነችው ሰው ይቀየርባታል። የአክስቴ ልጅ ይህ ከሥራው ሁሉ የሚከብዳት ነገር እንደሆነ ነግራኛለች። ይህን አብረን እንድንገለብጥ አልፈልግም። ቲክቶክ ላይ «የሕይወት አሠልጣኝ ነኝ» እያለ የማቅጠኛ ሻይ የሚሸጠውንማ ጭራሽ አታምጡብኝ።

እስከዚያው እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? እንግሊዞቹ ደመወዝ ከፍለው ሰው የሚያስቀምጡበት ማዕድ እናንተ ቤት አለ። 23 ዓመቷ ሆኖ ከወላጆቿ ጋር የምትኖር ልጅ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለችም። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ግን ማዕዳችን ለዚህ ሕመም የሚመቹ መደበቂያዎችም አሉት።

አንዱ ትሪው ነው። ከአንድ ትሪ ስንበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። እጇ ይመላለሳል፣ እንጀራው ይቆረሳል፣ ወሬው ደርቷል፤ ወደ አፏ የገባው ግን ሁለት ጉርሻ ነው። ልብ ብላችሁ እዩ፤ ብዙ ጊዜ አጉራሿ እሷ ናት። ሁሉንም ስታጎርስ እሷ ሳትበላ መነሳቷን ማንም አያይም። ለጊዜው ለብቻዋ በሳህን ይቅረብላት። ነውር እንዳይመስላችሁ፤ ሁላችሁም በሳህን ብትበሉ ደግሞ ይበልጥ ይቀላታል።

ሁለተኛው ጾም ነው። ጾም ስትጀምር ማንም አይጠይቃትም፤ እንዲያውም ትመሰገናለች። ምልክቱ ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ጾሙ ሲፈታ የእሷ አይፈታም። ፋሲካ ሲደርስ የሚጨንቃት ከሆነ፣ ከሌላው ሁሉ ዘግይታ የምትፈስክ ከሆነ፣ ሰበብ እየፈለገች ቀን የምትጨምር ከሆነ ነገሩ ከእምነት ወጥቷል ማለት ነው። የታመመ ሰው ከጾም እንደሚፈታ የንስሐ አባቷ ያውቃሉ፤ ሄዳችሁ በግልጽ ንገሯቸው። አንዳንዴ የእሳቸው አንድ ቃል ከእኔ ማዘዣ ይበልጣል። ረመዳን ለሚጾሙ ቤተሰቦችም እንዲሁ ነው፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ።

ማዕድ ላይ አትለምኗት፤ አትቆጧትም። ለንደን ውስጥ ቤተሰቦችን ለብዙ ዓመታት ያስተማሩት ፕሮፌሰር ጃኔት ትሬዠር ወላጆችን በእንስሳት ይመስሏቸዋል። ልጇን በሆዷ ከረጢት ውስጥ ከትታ ከሁሉም ነገር የምትከላከል ካንጋሮ አለች፣ በንዴት የሚያስደነግጥ አውራሪስ አለ። እኛ ቤት ብዙ ጊዜ እናት ካንጋሮዋ፣ አባት አውራሪሱ ናቸው፤ ልጅቷ መሃል ላይ ትቀራለች። ሁለቱም ከፍቅር ነው፤ ሁለቱም አይሠሩም። አዋቂ ስለሆነች አስቀድማችሁ፣ ከማዕድ ውጭ፣ ረጋ ባለ ሰዓት ተስማሙ፦ በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ፣ በመሃል መክሰስ፤ በምግቦቹ መካከል ከአራት ሰዓት በላይ እንዳያልፍ። አጠገቧ የሚቀመጠውን ሰው እሷ ትምረጥ። እናት መሆን የለባትም፤ ታናሽ ወንድም ሊሆን ይችላል። ማዕድ ላይ ድርድር የለም፣ ስለ ምግብም ወሬ የለም። ሳትጨርስ ከቀረች «ዛሬ ከበደሽ፤ መክሰስ ላይ እንቀጥላለን» ብሎ ማለፍ ነው።

ከምግብ በኋላ ላለው ክፉ ግማሽ ሰዓት ደግሞ እኛ ቡና አለን። ረከቦቱ ቀርቦ፣ እጣኑ ጨሶ፣ ሦስት ሲኒ እስኪወጣ ማንም ተነስቶ አይሄድም። ለዚህ የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ። ቡናው ከምግብ በኋላ እንጂ በምግብ ፋንታ እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ፤ ረሃብን በቡና ማስታገስም የሕመሙ አንዱ ዘዴ ነው።

ዘመድ ሲመጣ «ፊትሽ ሞላ፣ አማረብሽ!» እንዳይላት አስቀድማችሁ ንገሩ። እኛ ለምስጋና ነው የምንለው፤ እሷ የምትሰማው «ወፈርሽ» የሚለውን ነው። የስንት ሳምንት ሥራ በአንድ ሰላምታ ይፈርሳል።

እነዚህ ሁሉ ሕክምናን አይተኩም። በተለይ ለብዙ ጊዜ በጣም ጥቂት የበላችና በጣም የከሳች ልጅ ከሆነች በራሳችሁ በአንድ ጊዜ ብዙ ለማብላት አትሞክሩ። በድንገት ብዙ ምግብ ሲገባ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት ሊወርድና ልብን ሊጎዳ ይችላል፤ ይህ በሐኪም ክትትል የሚሆን ነው። በአማኑኤልም ሆነ በሌሎች ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስትሄዱ «በየሳምንቱ የሚያያት ሳይኮሎጂስት አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠያቂ ሲበዛ መደቡም ይከፈታል፤ እኔም በበኩሌ የምሠራበት ቦታ ላይ እየጠየቅሁ ነው።

ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል የምትወስዷት እነዚህን ስታዩ ነው፦ ራሷን ከሳተች፣ ልቧ ያለ ሥርዓት ከመታ ወይም የልብ ምቷ በጣም ከቀነሰ፣ ቁጢጥ ካለችበት ያለ እጅ እርዳታ መነሳት ካቃታት፣ በየቀኑ እያስመለሰች ጡንቻዋ ከደከመ ወይም ከተኮማተረ፣ ውኃም መጠጣት ካቆመች፣ ስለ መሞት ካወራች። ኢንሱሊን የምትወስድ የስኳር ታካሚ ሆና ለመክሳት ብላ መርፌውን የምትዘል ከሆነም ያው ድንገተኛ ነው። እዚያ ስትደርሱ «ጨጓራዋን ነው» አትበሉ። «ሆን ብላ ምግብ ትቀንሳለች» ወይም «ታስመልሳለች» በሉ፤ ሐኪሙ ፖታሲየምና የልብ ምርመራ የሚያዘው ይህን ሲሰማ ነው። የደም ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም እንኳ ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም፤ ሰውነት እስከ መጨረሻው ድረስ ሊደብቅ ይችላልና ክትትሉን ጠይቁ።

አንቺ ደግሞ ይህን ብቻሽን ክፍልሽ ውስጥ ሆነሽ የምታነቢ ከሆነ፣ ሐኪሙ ፊት አፍ አውጥቶ መናገር እንደሚከብድ አውቃለሁ። ምንም መናገር አይጠበቅብሽም። ከላይ ካለው ጽሑፍ አንቺን የሚመስለውን አንቀጽ ስልክሽ ላይ አውጪና አሳዪው።